ጣሪያ ሳይኖር መገልበጥ

ከቦሌ የተነሣው አውሮፕላን ጋምቤላ ሲያርፍ ጃኬት ለብሶ የመጣ ሁሉ ደረጃው ላይ ያወልቃል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 526 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሙቀቱም እንደዚያው ነው። ማረፊያው ከከተማው በስተደቡብ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ቀሪው መንገድ በመኪና ይሄዳል። የሚጠብቁት መኪኖች የአካባቢውን ኑሮ ይናገራሉ፦ የርዳታ ድርጅት ነጭ ላንድክሩዘር፣ ፖርቶመጋላው ላይ ሻንጣ የተከመረበት ሚኒባስ፣ ኋላው ክፍት የሆነ ፒክአፕ። ወደ ከተማ ሲገቡ ደግሞ ባጃጁ ይበዛል።

ቁልፍ ሲነኩት ጣሪያው ታጥፎ ከኋላ የሚደበቅ፣ ፈረንጆች ለበጋ ሽርሽር የሚገዙት ኮንቨርቲብል እዚህ አይታሰብም። ያም ሆኖ ኮንቨርቲብልን የሚመለከተው ትልቁ የደኅንነት ጥያቄ የጋምቤላም ጥያቄ ነው። መኪናው ቢገለበጥ፣ ከተሳፋሪው ራስ በላይ ብረት ከሌለ፣ ሰውዬው በምን ይተርፋል? የአውሮፓ መሐንዲሶች ለዚህ ጥያቄ ከስልሳ ዓመት በላይ መልስ ሲያበጁ ኖረዋል። ፒክአፕ ኋላ ቆሞ ወደ ኢታንግ ወይም ወደ አቦቦ የሚጓዘው ሰው ግን ጥያቄውን ተሸክሞ እንጂ መልሱን ይዞ አይሄድም።

ጣሪያ የሌለው መኪና ከድሮም ለመታየት የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1963 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተንን ሲጎበኙ ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጋር ሆነው ክፍት በሆነ ሊንከን መኪና ሕዝቡን ሰላም እያሉ አልፈዋል። የዛሬው የአዲስ አበባ ሠርግም ይህንኑ ይፈልጋል፤ ሙሽሮቹ እንዲታዩ ክፍት መኪና ይከራያሉ፣ ቪዲዮ ቀራጩ ደግሞ ከፊት በሚሄደው መኪና የተከፈተ የኋላ ዕቃ መጫኛ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ አስፋልቱ አንጠልጥሎ ይቀርጻል። በሠርጉ ቀን ስለ መገልበጥ የሚያስብ የለም፤ ካሜራ ይዞ ከተቀመጠው ሰው የባሰ ቦታ ላይ ያለ ተሳፋሪም በአጀቡ ውስጥ የለም።

ክፍት መኪና ምን ሊያደርግ እንደሚችል ዓለም ቀድሞ ያየው በአንዲት ንግሥት ሞት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 1935፣ ማለትም ጣልያን ኢትዮጵያን ከመውረሯ አምስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ የቤልጂየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ ሦስተኛ ስዊዘርላንድ ውስጥ ኩስናኽት በተባለ ቦታ ክፍት ፓካርድ መኪና እየነዱ ሳለ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ቁልቁል ወረደ። ባለቤታቸው ንግሥት አስትሪድ ከመኪናው ተፈናጥረው ከዛፍ ጋር ተጋጩና ሞቱ። ዕድሜያቸው 29 ነበር። የገደላቸው ከላይ የተጫናቸው ብረት አይደለም፤ መኪናው ውስጥ አለመቆየታቸው ነው።

ጣሪያ ያለው መኪናም ቢሆን ዋስትና እንዳልሆነ ኢትዮጵያውያን በሚገባ ያውቃሉ። መጋቢት 1961 ዓ.ም. ሌሊት አበበ ቢቂላ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ሸኖ አካባቢ ቮልስዋገኑን ሲነዳ መኪናዋ ከቁጥጥሩ ውጭ ሆና ተገለበጠች። ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ ቶኪዮ ላይ በጫማ ማራቶንን ያሸነፈው ሰው እስኪነጋ ድረስ መኪናው ውስጥ ተይዞ ቆየ። የቮልስዋገን ጣሪያ ክብና ለዘመኑ ጠንካራ የሚባል ነው፤ የአበበን የአንገት አከርካሪ ግን አላዳነውም። ከቀናት በኋላ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተወስዶ ወራት ታከመ፤ እጆቹ ዳኑለት፣ እግሮቹ አልተመለሱም። ከዚያም በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። ያረፈው ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ነው፤ ለሞቱ ምክንያት የሆነው በአንጎሉ ውስጥ የፈሰሰ ደምም ከዚያ አደጋ ጋር የተያያዘ ነበር።

እነዚህ ሁለት አደጋዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነገሩን ያፍታቱታል። መኪና ሲገለበጥ ሰውን የሚጎዱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ከመኪናው መፈናጠር፣ ሌላው መኪናው ውስጥ ሆኖ ራስና አንገት መመታት። የሚያድኑት ግን ሦስት ናቸው፤ ከሁሉ በፊት አለመገልበጥ አለና።

አለመገልበጥን የሚወስኑት በአብዛኛው ሁለት ልኬቶች ናቸው። አንደኛው በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት፣ ሁለተኛው የመኪናው ክብደት እምብርት ከመሬት ያለው ከፍታ ነው። የስፋቱ ግማሽ ለከፍታው ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት ባለሥልጣን ከ2001 ሞዴል ጀምሮ መኪኖችን በመገልበጥ ሥጋት ደረጃ ለመስጠት ይጠቀምበታል። ዝቅ ያለ የቤት መኪና ብዙውን ጊዜ ከ1.3 እስከ 1.5 ያገኛል። በአራቱም ጎማ የሚነዳ ከፍ ያለ መኪና ወደ 1.1 አካባቢ ይወርዳል። ቁጥሩ ለምን ይጠቅማል? ጎማ ደረቅ አስፋልትን ይዞ የሚቆይበት ጉልበት በዚሁ ሚዛን ሲለካ ከ0.7 እስከ 0.9 ስለሆነ ነው። የመኪናው ቁጥር ከዚህ በላይ ከሆነ መሪው በድንገት ሲጠመዘዝ መኪናው ከመገልበጡ በፊት ይንሸራተታል፤ ከዚህ በታች ከሆነ ግን ሳይንሸራተት ይገለበጣል። ሶፋን በጎኑ የገፋ ሰው ይንሸራተትለታል፣ ቁም ሳጥንን የገፋ ይወድቅበታል።

በዚህ መለኪያ ኮንቨርቲብል ጥሩ ተማሪ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ጎማው ሰፊ፣ ጣሪያው ቀላል፣ ወለሉ ደግሞ በተጨማሪ ብረት የተጠናከረ ስለሆነ ክብደቱ ወደ መሬት ይቀርባል። በተራ መንገድ ላይ በራሱ ጊዜ የሚገለበጥ ኮንቨርቲብል ለማግኘት ይከብዳል።

አሁን ደግሞ ፒክአፑን እንውሰድ። ለምሳሌ ሁለት ቶን የሚመዝን፣ የጎማዎቹ ስፋት አንድ ሜትር ተኩል፣ የክብደቱ እምብርት 70 ሳንቲ ሜትር ላይ የሆነ ፒክአፕ ባዶውን ቁጥሩ 1.07 ይሆናል። ይህ መጥፎ አይደለም። በአማካይ 60 ኪሎ የሚመዝኑ አሥራ አምስት ሰዎች ኋላው ላይ ይቁሙ እንበል። የጭነቱ ወለል ራሱ ከመሬት 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ስለሚል የቆሙት ሰዎች የክብደት እምብርት 1.80 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ሒሳቡ ሲደመር የመኪናው አጠቃላይ እምብርት ከ70 ሳንቲ ሜትር ወደ 1.04 ሜትር ይወጣል፤ ቁጥሩም ወደ 0.72 ያሽቆለቁላል። መኪናው ያው መኪና ነው። ሹፌሩም ያው። ትናንት ጤፍ ጭኖ በሰላም የዞረበት መታጠፊያ ግን ዛሬ በዚያው ፍጥነት አያዞረውም፤ ሰው ደግሞ እንደ ጆንያ ታስሮ አይቀመጥም፣ መታጠፊያው ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል።

መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ እንዲሁ መገልበጡ ከስንት አንዴ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያደናቅፈው ነገር አለ። በጎን እየተንሸራተተ ያለ መኪና ጎማው ለስላሳ አፈር ውስጥ ሲገባ፣ ቦይ ሲያገኘው ወይም የመንገድ ጠርዝ ሲመታው ታችኛው አካሉ ይቆማል፣ የላይኛው ግን ጉዞውን ይቀጥላል። የአሜሪካው ባለሥልጣን እንደሚለው አንድ መኪና ብቻውን ከሚገለበጥባቸው አደጋዎች ውስጥ 95 ከመቶ የሚሆኑት እንዲህ ተደናቅፈው የሚደርሱ ናቸው። ይህን የሰማ ሰው የጋምቤላን ምድር ቢያይ ይሰጋል። ከባሮ ወንዝ ግራና ቀኝ የተዘረጋው ሜዳ ሲዘንብ ጎማ የሚውጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ዋልካ አፈር ይበዛበታል። ከአስፋልቱ ወይም ከጠጠሩ አንድ ጎማ ወደ ዳር ከወጣ የሚይዘው ይህ አፈር ነው፤ ደንግጦ መሪውን በኃይል ወደ መንገዱ የሚመልስ ሹፌር ደግሞ ሥራውን ይጨርስለታል። ከደጋው በመኪና ለሚመጣው የተለየ ፈተና አለ፤ ከጎሬ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ቆላ የሚወርደው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፣ ቁልቁለቱ በረዘመ ቁጥር የፍሬኑ ሙቀትም ይጨምራል።

ሙቀት ጎማንም አይምርም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2000 ፋየርስቶን የተባለው ኩባንያ 6.5 ሚሊዮን ጎማዎችን ከገበያ ሰበሰበ። አብዛኞቹ የተገጠሙት ፎርድ ኤክስፕሎረር በተባለው ከፍ ያለ መኪና ላይ ሲሆን፣ በፍጥነት ሲሄዱ የጎማው ውጫዊ ልብስ እየተላጠ መኪናው ይገለበጥ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ከእነዚህ ጎማዎች ጋር ያያያዘው የሟች ቁጥር 271 ደርሷል። አደጋዎቹ የበዙት በሞቃታማዎቹ ግዛቶች ነው፤ አየሩ የጎደለ ጎማ፣ ከባድ ጭነትና ግለት አንድ ላይ ሲገናኙ። በእኛ አገር የጎማ አየር የሚለካው ብዙ ጊዜ በእግር በመርገጥ ነው፤ ለዚህ ቆላ ግን በእግር መለካት ያስከፍላል።

ፋብሪካዎች ለመገልበጥ ያገኙት ትልቁ መድኃኒት በዓይን አይታይም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1997 የስዊድን የመኪና መጽሔት ጋዜጠኛ የመርሴዲስን አዲስ ትንሽ መኪና፣ ኤ ክላስን፣ መንገድ ላይ ድንገት ከሚቆም እንስሳ በሚሸሽበት ዓይነት አጠማዞ ሲፈትነው ሆዱ ወደ ላይ ገለበጠው። መርሴዲስ አፈረ፣ ሽያጩንም አቆመ፣ ከዚያ በእያንዳንዱ ኤ ክላስ ላይ መኪናው መንሸራተት ሲጀምር የአንዱን ጎማ ፍሬን ለብቻው እየያዘ መስመር የሚያስይዝ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ገጠመ። ዛሬ ይህ መሣሪያ በአሜሪካና በአውሮፓ በሚሸጥ አዲስ መኪና ላይ ግዴታ ነው፤ ነጠላ መኪና ተገልብጦ የሚደርስን ሞት ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረተውና የገጠር ኢትዮጵያ ፈረስ የሆነው የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር ግን ለአሥርተ ዓመታት ያለዚህ መሣሪያ ተሸጧል።

እሺ፣ ሁሉም ሳይሠራ ቀረና መኪናው ተገለበጠ። የሚገርመው ነገር መገልበጥ ከፊት ለፊት ግጭት ይልቅ ለሰውነት የሚራራ ሊሆን መቻሉ ነው። ግድግዳ የመታ መኪና በሰከንድ አንድ አሥረኛ ጊዜ ውስጥ ይቆማል፤ የሚንከባለል መኪና ግን ጉልበቱን በብዙ ሰከንዶች ውስጥ ጥቂት ጥቂት እያለ ይጨርሳል። የውድድር መኪና ነጂዎች አምስትና ስድስት ጊዜ ተገልብጠው አቧራቸውን አራግፈው የሚነሡት ለዚህ ነው፤ ወንበራቸው ላይ ተጠፍንገዋል፣ ከራሳቸው በላይም የማይታጠፍ ቱቦ አለ። በአሜሪካ መገልበጥ ከጠቅላላው አደጋ ከ2 እስከ 3 ከመቶ ብቻ ሆኖ ከመኪና ተሳፋሪዎች ሞት ሲሶ ገደማ የሚሸፍነው ብዙዎቹ ሟቾች ቀበቶ ስለማያስሩ ነው። እዚያው አገር ሰው በሞተባቸው አደጋዎች ከመኪናው ሙሉ በሙሉ ከተፈናጠሩት አሥር ሰዎች ስምንት ያህሉ አይተርፉም።

ጣሪያው ምን ያህል መጠንከር አለበት የሚለው ክርክር ረጅም ታሪክ አለው። አሜሪካ በ1973 ሥራ ላይ ያዋለችው መመዘኛ ጣሪያው የመኪናውን ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ እንዲሸከም ይጠይቅ ነበር። ይህ ልኬት እስከ 2009 ድረስ ሳይነካ ቆየ፤ የዚያን ጊዜ ወደ ሦስት እጥፍ ከፍ አለ። ኮንቨርቲብል ግን ከዚህ ሕግ ነፃ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሌለ ጣሪያ አይጫኑትም። በ1970ዎቹ የአሜሪካ ፋብሪካዎች መንግሥት ሊያወጣ ነው የተባለውን የመገልበጥ ሕግ ፈርተው ክፍት መኪና ማምረት ትተው ነበር፤ በ1976 የወጣው ካዲላክ ኤልዶራዶ የመጨረሻው ተብሎ ተሸጠ። ሕጉ በተፈራው መልክ አልመጣም፤ ክራይስለር ሌባሮን በ1982 ክፍቱን መኪና መለሰው።

አውሮፓውያን በሌላ መንገድ ሄዱ። ፖርሽ በ1965 ታርጋ የተባለውን 911 ሲያቀርብ ከወንበሮቹ ጀርባ ሰፊ የብረት ቅስት አቆመ። ቮልስዋገን በ1979 በጎልፍ ላይ ተመሳሳይ ቅስት አደረገ፤ ጀርመኖች መኪናዋን እንጆሪ መልቀሚያ ቅርጫት እያሉ ቀለዱባት፣ ገዢ ግን አላጣችም። ውበት የሚያስጨንቃቸው መሐንዲሶች ይህን ቅስት መደበቅ ፈለጉ። መርሴዲስ በ1989 ያወጣው ኤስ ኤል ቅስቱን ከወንበሩ ጀርባ አስተኝቶ፣ መኪናው ሊገለበጥ መሆኑን ዳሳሾቹ ሲነግሩት በ0.3 ሰከንድ ውስጥ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። መኪናው ጎኑ መሬት ከመንካቱ በፊት ቅስቱ ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው። ቮልቮ በበኩሉ ሲ 70 ለተባለው መኪናው ከጣሪያ ሊወርድ ያልቻለውን የአየር ከረጢት ከበሩ ወደ ላይ እንዲነፋ አደረገው።

ፊት ለፊት ያለውን ሥራ የሚሠራው የንፋስ መስታወቱ ክፈፍ ነው። በጥሩ ኮንቨርቲብል ውስጥ በመስታወቱ ግራና ቀኝ ያሉት ምሰሶዎች ውስጣቸው እጅግ ጠንካራ የብረት ቱቦ አለ። ከመስታወቱ ጫፍ እስከ ኋላው ቅስት ጫፍ የሚዘረጋ ገመድ አለ ብሎ የሚያስብ ሰው የመከላከያውን ምሥጢር አገኘ፤ መኪናው ተገልብጦ መሬት ላይ ሲተኛ የሚያርፈው በዚያ ገመድ ላይ ነው፣ ራሱ ከገመዱ በታች የሆነ ሰው ቦታ ይተርፈዋል። ከገመዱ በላይ ብቅ ያለ ረጅም ሰው፣ ወይም ኋላ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጁን የሚያውለበልብ ሙሽራ፣ ምንም አይተርፈውም። ሸራው ከዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም፤ ዝናብ ይከላከላል፣ ያ ነው ሥራው።

ውጤቱስ? የአሜሪካ መድን ሰጪዎች የሚያንቀሳቅሱት የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም በ2020 ባወጣው ጥናት አዳዲስ ኮንቨርቲብሎችን ከእነርሱው ጣሪያ ካላቸው ሞዴሎች ጋር አነጻጽሯል። የኮንቨርቲብል ሹፌሮች በተጓዙት ርቀት ልክ ሲሰላ ሞታቸው በ11 ከመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት ክፍት መኪና ከዝግ ይሻላል ማለት አይደለም፤ ኮንቨርቲብል የሚነዳው ማን ነው፣ በየትኛው ቀን፣ በምን አየር የሚለው ጉዳይ ውስጡ አለበት። ጥናቱ ሌላም ነገር ይዟል። በመገልበጥ ከሞቱት የኮንቨርቲብል ሹፌሮች 43 ከመቶ የሚሆኑት ተፈናጥረው ነበር፤ ጣሪያ ባላቸው መኪኖች ግን 35 ከመቶ። እንግዲህ ቅስቱ የራስ ቅልን ቦታ ይጠብቃል እንጂ ሰውየውን ወንበሩ ላይ አያስርም። ያ የቀበቶው ሥራ ነው።

ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሠሩ ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 3 ቀን 2022 በሲልቨርስቶን ፎርሙላ ዋን ውድድር ገና ከመነሻው የቻይናዊው ዡ ጓንዩ መኪና ተገልብጦ በአናቱ እየተንሸራተተ የጎማ አጥሩን አልፎ ከሽቦው ሥር ገባ። ከነጂው ራስ በላይ ያለው ቅስት ተሰበረ። በ2018 ግዴታ የሆነውና ብዙ ነጂዎች አስቀያሚ ነው ብለው የተቃወሙት ሃሎ የተባለው የብረት ቀለበት ግን ቆመ። ዡ በሚቀጥለው ውድድር ተሰለፈ።

ወደ ጋምቤላ ስንመለስ ይህ ዕውቀት ከማንም ቀድሞ የደረሰው ትራክተር ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ትራክተር ጣሪያ የሌለው፣ ከፍ ያለ፣ ቦይ ለቦይ የሚሄድ መኪና ነው፤ ለመገልበጥ ከእሱ የቀረበ የለም። ስዊድን በ1959 አዲስ ትራክተር ሁሉ የመከላከያ ቅስት እንዲኖረው ደነገገች። በ1957 ከመቶ ሺህ ትራክተር በዓመት 17 ሰው ይሞት ነበር፤ በ1990 ቁጥሩ 0.3 ሆነ። በአንድ ጠማማ ብረት ከዚህ የበለጠ ሕይወት የተረፈበት የመኪና ታሪክ እምብዛም የለም። በአቦቦ በአልዌሮ ግድብ ዙሪያም ሆነ በክልሉ ሌሎች ሰፋፊ እርሻዎች ትራክተር የሚነዳ ሰው ማየት ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ከራሱ በላይ ያለው ነገር ቅስት ነው ወይስ ጥላ? በቀጭን ዘንግ ላይ የተዘረጋ ላሜራ ፀሐይ ይከልላል፣ ትራክተሩ ሲገለበጥ ግን ከሰውየው ጋር አብሮ ይጨፈለቃል። እውነተኛው ቅስት ከኋላው አክስል ቤት ጋር በወፍራም ቡሎን የታሰረ ነው። ያም ቢሆን ቀበቶ ካልታሰረ ሹፌሩ ይወድቅና ቅስቱ ራሱ ሊያርፍበት ይችላል።

የባጃጅ ሸራም እንደ ትራክተሩ ጥላ ነው። ባጃጅ ሦስት ጎማ ስላለው የሚገለበጥበት መስመር ከፊተኛው ጎማ ወደ አንደኛው የኋላ ጎማ በሰያፍ ያልፋል፤ ስለዚህ ከኋላ የሚታየው ስፋት ሙሉውን አያገለግልም። እየዞረ ሳለ ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ጠባቡ ጫፍ ይሄድና ነገሩ ይብሳል። በር የለውም፣ ለተሳፋሪው ቀበቶ የለውም። የሚያድነው አንድ ነገር ዝግታው ነው፤ ከተማ ውስጥ በሰላሳ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ክርን ተልጦ ይታለፋል። ከአስፋልት ላይ ከከባድ መኪና ጋር ሲሽቀዳደም ነው ነገሩ የሚለወጠው።

ስለ ኋላ ተሳፋሪ የሚነገረው ግን መራራ ነው። ሕዝቡ አይሱዙ የጭነት መኪናን አልቃይዳ ብሎ የሰየመው በቀልድ አይመስልም። ከጭነት በላይ የተቀመጠ ሰው ከመገልበጥ የሚያድኑት ሦስቱም ነገሮች የሉትም፤ መኪናውን ወደ ላይ የሚያስረዝመው እሱ ራሱ ነው፣ የሚያስረው ቀበቶ የለም፣ ከራሱ በላይ ሰማይ ብቻ ነው። አንዳንድ ፒክአፕ ላይ በያጅ ቤት ከቱቦላሬ የተሠራ ማዕቀፍ ይታያል፤ ሰው ይደገፍበታል፣ ሸራም ይለብሳል። ጥሩ መያዣ ነው፤ ቅስት ነው ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። የቱቦላሬው ግድግዳ ስስ ነው፣ የተበየደውም ከሻንሲው ጋር ሳይሆን ከጭነቱ ሳጥን ላሜራ ጋር ነው፤ መኪናው ሲያርፍበት ከሥሩ ይነቀላል። ከሻንሲው ጋር የታሰረ ወፍራም ቱቦ ከቀበቶ ጋር እንዲሠራ የሚያዝ ባለቤት ቢመጣ ጋራዦቻችን ሙያው አላቸው፤ ያጡት አዛዡን ነው።

በክልሉ ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ስለተጠለሉ የርዳታ ድርጅት መኪና ብዙ ነው። አብዛኞቹ ድርጅቶች በራሳቸው ደንብ ፒክአፕ ኋላ ሰው መጫንን ይከለክላሉ፣ ቀበቶ ያላሰረ ካለም ሹፌሩ አይነሣም። ያ ደንብ ከድርጅቱ አጥር ውጭ አይሠራም። የአገሪቱ የትራፊክ ደንብ ሹፌርን ቀበቶ እንዲያስር ያስገድዳል፤ ቀበቶ የሌለው ቦታ ላይ የተቀመጠውን ሰው ግን ቀበቶ አያዘውም፣ አይገባውምም። እ.ኤ.አ. በ2016 ለፖሊስ የተመዘገበው የኢትዮጵያ የመንገድ ሞት 4,352 ሲሆን የዓለም ጤና ድርጅት ግምት 27,326 ነበር። ምዝገባው ከሩቅ ገጠር መንገዶች እምብዛም አይደርስም፤ ልዩነቱ የሰፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ርቀቱ ሌላ ትርጉምም አለው። አከርካሪው የተጎዳ ሰው የሚያስፈልገው የነርቭ ቀዶ ሕክምና በብዛት የሚገኘው አዲስ አበባ ነው፤ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ። ስለዚህ ብዙ የሚወሰነው አደጋው ቦታ ላይ ነው። ከተገለበጠ መኪና ሰው የሚያወጣ መንገደኛ በጥድፊያ ክንድ ይዞ መጎተት ይወዳል። መኪናው እሳት ካልያዘና ሌላ አደጋ ካላንዣበበ ራሱንና አንገቱን በሁለት እጅ ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ሰውነቱን እንደ አንድ ግንድ ሳያጣምሙ በብዙ ሰው ማንሣት፣ ፒክአፕ ላይ ሲጭኑትም ጠፍጣፋ ሣንቃ ላይ ማሰር ይገባል።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። ለመገልበጥ ይህ መልካም ዜና ነው፤ ባትሪው ከወለሉ ሥር ተነጥፎ የክብደት እምብርቱን ወደ መሬት ይጎትታልና። ወደ ፒክአፑ ሒሳብ እንመለስ፤ 2.6 ቶን የሚመዝንና እምብርቱ 60 ሳንቲ ሜትር ላይ የሆነ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ላይ እነዚያው አሥራ አምስት ሰዎች ቢቆሙ ቁጥሩ 0.83 ይሆናል። ከናፍጣው 0.72 ይሻላል፣ ከጎማው ጉልበት ገደብ ግን ገና አልወጣም። ሰዎቹ ቆመው ከሚሄዱ ወለሉ ላይ ቢቀመጡ የናፍጣው ፒክአፕ 0.88፣ የኤሌክትሪኩ ደግሞ 0.99 ይደርሳል። መቀመጥ የሰጠው ጭማሪ ባትሪው ከሰጠው ይበልጣል፤ ለዚያ ደግሞ አዲስ መኪና አይገዛም።